የግል ሐይቅ፣ የጋራ አደጋ፦ ለመዝናኛ የሚሠሩ አነስተኛ የአፈር ግድቦችና የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ደኅንነት

በሸለቆ አፍ ላይ አፈር ተቆልሎ ሲጠቀጠቅና ከኋላው የምንጭና የዝናብ ውኃ ሲጠራቀም አነስተኛ ሐይቅ ይፈጠራል። ጀልባ ይቀዘፍበታል፣ ዓሣ ይረባበታል፣ በዳርቻው ማረፊያና ምግብ ቤት ይሠራበታል። ባለቤቱ ሐይቁን እንደ ንብረቱ፣ እንግዳው እንደ መዝናኛው ያየዋል። ከግድቡ በታች ወንዙን ተከትሎ የሚኖረው ገበሬ ግን ሐይቁን አይቶት ላያውቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ግድቡ በተደረመሰ ዕለት ውኃው አስቀድሞ የሚደርሰው ከእርሱ ደጃፍ ነው።

ውኃን ማዕከል ያደረገ መዝናኛ በኢትዮጵያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰፊ ትኩረት አግኝቷል። በወንጪ ሐይቅ፣ በጣና ዳርቻ በጎርጎራ፣ እንዲሁም በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ ዳርቻ በሃላላ ኬላ የተሠሩት ማረፊያዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። እነዚህ ስፍራዎች የተመሠረቱት በተፈጥሮ ሐይቅ ወይም በከፍተኛ የምሕንድስና ጥንቃቄ በተገነባ ትልቅ ግድብ ላይ ነው። ተፈጥሮ ሐይቅ ባልሰጠችበት ስፍራ ግን አልሚው ራሱ ሐይቅ ለመፍጠር ሊነሣሣ ይችላል። ለዚህም በቅርቡ የሚያገኘው ርካሽ ዘዴ በአካባቢው አፈር አንድ ጅረት መገደብ ነው። ሐሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሥራ ዕድል ይፈጥራል፣ ለአካባቢውም ገቢ ያስገኛል። መመለስ ያለበት ጥያቄ ውኃው የሚያዘው በምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው፣ ኃላፊነቱስ የማን ነው የሚለው ነው።

ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ከአንድ መሠረታዊ ሐሳብ ይነሣል። የግድብ አደጋ የሚለካው በግድቡ ቁመት ወይም በተሠራበት ዓላማ ሳይሆን ከግድቡ በታች በሚገኘው ሕይወትና ንብረት ነው። በመሆኑም ሐይቁ የግል ሊሆን ይችላል፤ ደኅንነቱ ግን የግል ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

«አነስተኛ» የሚለው ቃል የሚሰውረው እውነት

ዓለም አቀፉ የትልልቅ ግድቦች ኮሚሽን «ትልቅ» ብሎ የሚመድበው ከመሠረቱ እስከ አናቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ያለውን ግድብ ነው። ከ5 እስከ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ደግሞ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዝ ከሆነ ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በተለምዶ «አነስተኛ» ይባላል። ይህ ምደባ ስለ መጠን እንጂ ስለ አደጋ የሚናገረው ነገር እንደሌለ ግን ልብ ሊባል ይገባል።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ስፋቱ 1 ሄክታር፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ሐይቅ 30,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ በአንድ የመዝናኛ ስፍራ ግቢ ውስጥ የተኛው ውኃ 30,000 ቶን ይመዝናል ማለት ነው። ይህ ክብደት በዝግታ ሲለቀቅ መስኖ ያጠጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሲለቀቅ ግን አፈር፣ ድንጋይና ግንድ እየጠራረገ ይወርዳል።

ሁለተኛው ስሌት ከሐይቁ በላይ ያለውን መሬት ይመለከታል። ወደ ሐይቁ ውኃ የሚያመጣው ተፋሰስ ስፋቱ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንና በአንድ ብርቱ የክረምት ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በተፋሰሱ ላይ የወረደው ውኃ 100,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ግማሹ ወደ መሬት ቢሰርግ እንኳ የተቀረው 50,000 ሜትር ኩብ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ይህም አስቀድሞ ሞልቶ ወደቆየ፣ 30,000 ሜትር ኩብ ብቻ ወደሚይዝ ሐይቅ የሚገባ ነው። የግድቡን ደኅንነት የሚወስነው ሐይቁ የሚይዘው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ያለ ጉዳት አሳልፎ መልቀቅ መቻሉም መሆኑን ይህ ስሌት ያሳያል።

ከሦስት ግድቦች የሚገኝ ትምህርት

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በቶኮዋ ፏፏቴ አጠገብ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ ከፍታው 12 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ግድቡ መጀመሪያ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ በየጊዜው አፈር እየተጨመረበት ከፍ እንዲል ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከ1957 በኋላ ኃይል ማመንጨቱ ቆሞ ሐይቁ የቀረው ለመዝናኛ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ከግድቡ በታች የሚገኝ ኮሌጅ ነው። ለቀናት ከጣለ ብርቱ ዝናብ በኋላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ግድቡ ተደረመሰ። ውኃው በእንቅልፍ ላይ በነበሩ ቤተሰቦች ላይ ወርዶ የ39 ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፤ ከእነዚህም በርካቶቹ ሕፃናት ነበሩ። ጉዳዩን የመረመሩት ባለሙያዎች አንድ ብቸኛ ምክንያት ለይተው አላስቀመጡም። የግድቡ የኋላ ገጽ እጅግ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ አፈሩ በውኃ መራሱንና የውስጥ መሸርሸር ሳይኖር እንዳልቀረ ግን ጠቁመዋል።

ከዚህ አደጋ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የራሱ ያልሆኑ፣ ነገር ግን ቢፈርሱ ሕይወት ሊያጠፉ የሚችሉ ግድቦች እንዲመረመሩ አዘዘ። በአራት ዓመታት ውስጥ ከ8,000 በላይ ግድቦች ታይተው ሲሶ ያህሉ የደኅንነት ጉድለት ተገኘባቸው። ምርመራውን የሚፈቅደው ሕግ አደጋው ከመድረሱ 5 ዓመታት አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ በሚገባ የዋለው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዕድሜው የራቀ፣ ትምህርቱ ግን ያላረጀ ነው። በፔንሲልቬንያ ግዛት የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ በ22 ሜትር ከፍታው አነስተኛ የሚባል ባይሆንም፣ የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ ንብረት የሆነ የአፈር ግድብ ነበር። ከግድቡ ሥር ውኃውን ለማጉደል ያገለግሉ የነበሩት የብረት ቧንቧዎች በቀድሞው ባለቤት ተነቅለው ተሸጠው ነበር፤ ክለቡም አልተካቸውም። ሠረገላ በግድቡ አናት ላይ እንዲያልፍ ሲባል አናቱ ዝቅ ተደረገ። ዓሣው እንዳያመልጥም በትርፍ ውኃ ማስወገጃው ላይ ወንፊት ተዘረጋ። ከታች የሚገኘው የብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ልኮ ካስመረመረ በኋላ ስጋቱን ለክለቡ ቢገልጽም፣ የተሰጠው መልስ የሚያሰጋ ነገር የለም የሚል ነበር።

ግንቦት 24 ቀን 1881 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱ በቅጠልና በግንድ ተደፈነ። ውኃውን ማጉደያ ቧንቧ አልነበረም፤ ዝቅ የተደረገውም አናት ጎርፉን ሊገታ አልቻለም። ውኃው በአናቱ ላይ ፈስሶ ግድቡን ናደው፤ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላም 23 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን የጆንስታውን ከተማ አጥለቀለቀ። የሞቱት ሰዎች ቁጥር 2,209 ነው። በዕለቱ የማስጠንቀቂያ ቴሌግራም ተልኮ ነበር፤ ነገር ግን በቀደሙት ዓመታት ደጋግሞ የተሰማው ሐሰተኛ ወሬ ሰዉን አሰልችቶት ስለነበር ብዙ ሰሚ አላገኘም። ከዚህ ታሪክ ሊተኮርበት የሚገባው ሦስቱም ለውጦች ጥቃቅን መሆናቸው ነው። አንዱ ለገንዘብ፣ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለዓሣ ሲባል የተደረገ ነበር። ተደምረው ግን የግድቡን መከላከያ ሁሉ አሳጡት።

ሦስተኛው ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት በኬንያ ናኩሩ አውራጃ፣ ሶላይ በተባለ ስፍራ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረ የአፈር ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ግድቡ ለእርሻ እንጂ ለመዝናኛ የተሠራ አልነበረም፤ በታች ለሚኖሩት ድሆች ግን ልዩነት አላመጣም። የፈቃድና የቁጥጥር ጉዳይ ከአደጋው በኋላ በሀገሪቱ ሴኔት የተመረመረ ሲሆን በፍርድ ቤትም ክስ ተመሥርቶበታል። ዝናብ የሚበረታበት ወቅት፣ የግል ይዞታና ከታች የሚገኝ የሰው መኖሪያ በአንድነት መገኘታቸው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ስፍራዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

የአፈር ግድብ የሚፈርስባቸው መንገዶች

በትክክል የተሠራ የአፈር ግድብ ለዘመናት ሊያገለግል የሚችል አስተማማኝ ሥራ ነው። የሚፈርሰው በአብዛኛው ከሦስት መንገዶች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው ውኃ በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው። የኮንክሪት ግድብ ይህን ለተወሰነ ጊዜ ሊቋቋም ይችላል፤ አፈር ግን በሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተሸርሽሮ ይከፈታል። ስለዚህ ትርፍ ውኃ ማስወገጃው የግድቡ ዋና መከላከያ እንጂ ተጨማሪ ክፍል አይደለም።

ሁለተኛው የውስጥ መሸርሸር ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውኃ ያሰርጋል፤ የሰረገው ውኃ ጥርት ያለ ከሆነና መጠኑ ካልጨመረ ብዙም አያስጨንቅም። ውኃው ደፍርሶ መውጣት ከጀመረ ግን የግድቡን አፈር ከውስጥ እያጠበ እንደሚወጣ ምልክት ነው። በግድቡ ውስጥ ያለ ተገቢ ጥንቃቄ የተቀበረ ቧንቧ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ሥር የተወው ክፍተት፣ የፍልፈል ጉድጓድና የምስጥ ዋሻ ለዚህ መንገድ ይከፍታሉ። ለውበት ሲባል በግድቡ ገላ ላይ ዛፍ መትከል ተገቢ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለግድብ የሚስማማው ሣር ነው።

ሦስተኛው የግድቡ ጎን መንሸራተት ነው። ገጹ ቀጥ ብሎ ሲሠራ ወይም አፈሩ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ሲቀር፣ በውኃ የራሰው ክፍል ተላቆ ይወርዳል። በብዙ የደጋ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ሲርስ የሚያብጥ በመሆኑ፣ ያለ ምርመራና ያለ ዝግጅት ለግድብ መጠቀም ችግር ያስከትላል። እዚህ ላይ ባለቤቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ሥጋት ሲታይ ሐይቁን በአንድ ጊዜ ማጉደል ራሱ በውኃ በኩል ያለው ገጽ እንዲንሸራተት ሊያደርግ ስለሚችል፣ የማጉደሉ ፍጥነት በባለሙያ መወሰን ይኖርበታል።

ከእነዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላው ጉዳይ ደለል ነው። ከላይ ያለው መሬት ከተራቆተ ጎርፉ ይበረታል፣ ሐይቁም በደለል ይሞላል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ የሚፈተነው በግድቡ አናት ላይ አፈር በመጨመር ከፍ ለማድረግ ነው። ቀድሞ ለተወሰነ ከፍታ በተሠራ ግድብ ላይ ያለ አዲስ ጥናት ከፍታ መጨመር ግን ያላሰበውን ሸክም መጫን ነው።

ሕጉ የሚለው

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱ የውኃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። የውኃ ሥራ ለመገንባትም ከተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ከፈቃድ ነጻ የተደረጉት ጥቂት ናቸው፤ በእጅ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ፣ በባህላዊ መንገድ የሚካሄድ መስኖና የእንስሳት እርባታ፣ እንዲሁም የውኃ ወፍጮ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። የመዝናኛ ሐይቅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም። በመሆኑም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃድ መያዝ ጅረትን ለመገደብ የሚያስፈልገውን የውኃ ሥራ ፈቃድ አይተካም።

ጉዳት ቢደርስ የሚነሣው የኃላፊነት ጥያቄም በሕግ የተተወ አይደለም። በጆንስታውን ጉዳይ ተጎጂዎች ክለቡን ከሰው ካሳ ለማግኘት ያደረጉት ጥረት አልተሳካም፤ አደጋው የተፈጥሮ ቁጣ ተደርጎ ታይቷልና። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 2069 የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ደርሶ ጉዳት ባስከተለ ጊዜ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ድንጋጌው የሚገኘው ጥፋት ሳይኖር ኃላፊነት በሚከተልበት የሕጉ ክፍል ውስጥ ነው። ሸለቆን ዘግቶ ሐይቅ መፍጠር የመሬትን አቀማመጥ ከሚለውጡ ሥራዎች አንዱ መሆኑን መገንዘብ አያዳግትም። ስለዚህ «ዝናቡ በዝቶ ነው» የሚለው መከራከሪያ ባለቤቱን በቀላሉ ነጻ ያወጣዋል ተብሎ አይጠበቅም። ይሁንና ካሳ የሞተን ሰው አይመልስም፤ የሕጉ ታላቁ ጥቅም አስቀድሞ ጥንቃቄን ማስገደዱ ላይ ነው።

ከአልሚው፣ ከነዋሪውና ከአስተዳደሩ የሚጠበቀው

አልሚዎች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የሚሆነው ለትንሽ ሐይቅ የመሐንዲስ ጥናት ማስጠናት ወጪው ይከብዳል የሚለው ነው። ቅሬታው ፈጽሞ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። መፍትሔው ግን ጥናቱን መተው ሳይሆን ከአደጋው ደረጃ ጋር ማመጣጠን ነው። ከግማሽ በላይ ግድቦቿ በግል በተያዙባት አሜሪካ ግድቦች ቢፈርሱ በሚያደርሱት ጉዳት መሠረት ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብለው ይመደባሉ። የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ግድብ ቁመቱ አጭር፣ ይዞታውም መልካም ቢሆን እንኳ ከከፍተኛው ደረጃ ይመደባል። በዚህ ሚዛን ከታቹ ሰው የማይኖርበት ኩሬ ቀለል ያለ ጥናት ሊበቃው ይችላል፤ ከታቹ መንደር፣ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ ያለበት ሐይቅ ግን ሙሉ ጥናት ያስፈልገዋል።

ፈቃድ ለመጠየቅ የሚዘጋጅ አልሚ በቅድሚያ ሊመልሳቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። ወደ ሐይቁ ውኃ የሚያመጣው ተፋሰስ ስፋት ምን ያህል ነው? ትርፍ ውኃ ማስወገጃው የሚያሳልፈው የጎርፍ መጠን እንዴት ተሰላ? የግድቡ አፈርና መሠረት በማን ተመረመረ? ግድቡ ቢፈርስ ውኃው የትኞቹን ቤቶችና መንገዶች ያገኛል? እነዚህን በጽሑፍና በካርታ ይዞ ወደሚመለከተው የክልል ወይም የፌዴራል የውኃ መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ተገልጋይ ጉዳዩ በአግባቡ እንዲታይለት ያግዛል። ግድቡን ያለ ፈቃድ የሠራም ቢሆን ቀርቦ ማሳወቁ ይጠቅመዋል፤ ጉድለቱ በበጋ ቢታወቅ ሊጠገን ይችላል፣ በክረምት ጎርፍ መካከል ግን የሚታረም ነገር ጥቂት ነው።

ግድቡ ከተሠራ በኋላም ሥራው አያበቃም። ከክረምቱ መግቢያ በፊት ትርፍ ውኃ ማስወገጃውን ከቅጠል፣ ከደለልና ከማንኛውም ወንፊት ወይም አጥር ማጽዳት፣ በግድቡ ገላ ላይ ስንጥቅ፣ ጉድጓድና የሰመጠ ስፍራ አለመኖሩን መመልከት፣ ከግርጌው የሚወጣውን ውኃ መጠንና ጥራት መዝግቦ ካለፈው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በስም የታወቀ አንድ ተጠሪ ሊኖር ይገባል። ከብርቱ ዝናብ በኋላ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ግድቡን የሚያይ ሰው ከሌለ ሐይቁ ጠባቂ የለውም ማለት ነው።

በታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩ ዜጎችም መብት አላቸው። ከበላያቸው ግድብ መኖሩን፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነና አደጋ ቢመጣ በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደሚወጡ ሊነገራቸው ይገባል። ከግድቡ ግርጌ ደፍርሶ የሚወጣ ውኃ፣ አዲስ ስንጥቅ ወይም የተዘጋ ትርፍ ውኃ ማስወገጃ ያየ ሰው በአቅራቢያው ላለው የቀበሌ ወይም የወረዳ አስተዳደር ቢያሳውቅ ሁከት እንደፈጠረ ሊቆጠርበት አይገባም። የማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ሐሰተኛ ወሬ ሰዉን ሳያሰለቸው በፊት ሊዘረጋ ይገባል፤ ማን እንደሚያስጠነቅቅ፣ በምን ምልክት፣ ወዴት እንደሚሸሽ አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን ማስጠንቀቂያ ይታመናል።

የመሬት አስተዳደር ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም። ግድቡ ሲሠራ ባዶ የነበረ ሸለቆ ከዓመታት በኋላ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ግድቡ ባይለወጥም የአደጋው ደረጃ ተለውጧል። ከግድብ በታች ቦታ ለመኖሪያ የሚሰጥ አስተዳደር ከበላዩ ያለውን ውኃ ሳያይ ቢወስን፣ ባለቤቱ ያላሰበውን ኃላፊነት፣ ነዋሪውም የማያውቀውን ስጋት ይሸከማሉ። የግድቦች መዝገብ ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልተመዘገበ ግድብ አይመረመርም፣ ያልተመረመረም ግድብ ጉድለቱ የሚታወቀው ከፈረሰ በኋላ ነው።

በኬሊ ባርንስ፣ በሳውዝ ፎርክና በሶላይ ዝናብ ዘንቧል። በሦስቱም ግን ከዝናቡ በፊት ሊታይ፣ ሊጠየቅና ሊታረም የሚችል ነገር ነበር። የኢትዮጵያ ክረምት የሚመጣበት ወቅት የታወቀ ነው፤ በግል ሐይቅ ዳርቻ የቆመ ባለቤትም ሆነ ከታቹ የሚያርስ ገበሬ የሚዘጋጅበት የበጋ ጊዜ አለው። ግድቡን በዚህ ጊዜ ማስመዝገብ፣ ማስመርመርና መጠገን ከማንኛውም ካሳ ያነሰ ዋጋ የሚያስከፍል፣ ከማንኛውም ካሳ የበለጠም ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው።